ከወንበሩ ሲታይ አንድ መብራት
የአቶ አምሀ በርጋ የሕይወት ታሪክ፣ ከ1954 እስከ 2018 ዓ.ም.

አቶ አምሀ በርጋ ከአባታቸው ከአቶ በርጋ ሽብሩና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለምዘውድ ወልዴ፣ በጉመር ከአረቅጥ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ ነሐሴ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን ግን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እናታቸው ስለ ልደታቸው የሚያስታውሱት "ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ሰሞን" የሚለውን ብቻ ስለነበረ፣ አቶ አምሀ የመጀመሪያውን የሥራ ቅጽ ሲሞሉ ወሩንም ቀኑንም ከራሳቸው ሰጡት። ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ማየት አይወዱም ነበር። ቤተሰቡ በዚህ ጠባያቸው ብዙ ዘመን ሲስቅባቸው ኖሯል፤ አሁን የሚያስቅ አይደለም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአረቅጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወልቂጤ ተከታተሉ። በወልቂጤ ከሦስት የአገራቸው ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ እየፈቱ ይገጥሙ ነበር፤ ሲመልሱትም አንድ ሁለት ብሎን ይተርፋቸው እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ። በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሩ፤ በ1975 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቁ።

ከዚያው ዓመት ጀምሮ በአንድ የስኳር ፋብሪካ፣ አገዳ በሚያመላልሰው ጠባብ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሠላሳ ዓመት አገለገሉ። ባቡር የወደዱት እዚያ ነው። ወደ ምሥራቁ አገር ትልቅ የባቡር ሥራ ሲከፈት፣ አምሳ ዓመት አልፏቸው እንደ ልጅ ተወዳድረው ገቡና በ2006 ዓ.ም. ለስድስት ወር ሥልጠና ቻይና ተላኩ። ከሩዝ ጋር እስከ ወዲያኛው ተጣልተው፣ የምልክት መብራት ሥራን ግን ጠንቅቀው አውቀው ተመለሱ። የተሰጣቸው ኃላፊነት የእይታ ተቆጣጣሪነት ነበር። ይኸውም አሽከርካሪው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሂድ ወይም ቁም የሚለውን መብራት በጊዜ ማየት መቻሉን ማረጋገጥ ነው።

ጥር 19 ቀን 1985 ዓ.ም. ከመምህርት አሰፋሽ ተክሌ ጋር በወልቂጤ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወ/ሮ አሰፋሽ በከተማው ሲያስተምሩ፣ አቶ አምሀ በሥራቸው ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ሲመላለሱ፣ ማዕዶትን፣ ሔራንንና አዳነን ወልደው አሳደጉ። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ታላቋ ልጃቸው ማዕዶት ናት።

እንደተለመደው ቢሆን እዚህ ላይ የአቶ አምሀ የምስጋና ወረቀቶች ተዘርዝረው፣ ሕመማቸውና ዕረፍታቸው ተነግሮ ታሪኩ ያበቃ ነበር። ሦስት የምስጋና ወረቀት አሏቸው፤ ሦስቱም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ደግፌም ትናንት ማታ ያሉት ይህንኑ ነው፤ "ሰው ሊቀበር ነው እንጂ ሊከሰስ ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡ፤ ከፍቅር የመጣ ቁጣ ነው። ወ/ሮ አሰፋሽ ግን "ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር አምሀ አጥብቆ የለመነኝ አንድ ነገር ነው" አሉ። ስለዚህ ቀሪው ይነበባል።

አቶ አምሀ ይሠሩበት በነበረው ክፍል፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ስሙን በአንደበታቸው ጠርተውት በማያውቁት አንድ ቦታ፣ ሁለት ሐዲዶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ዋናው መስመር ነው፤ ሌላው ወደ ጭነት ማራገፊያው የሚገባው ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አምስት ሜትር እንኳ ሳይራራቁ ይሄዱና ሁለቱም አብረው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። እያንዳንዱ ሐዲድ የየራሱ መብራት አለው። አሽከርካሪው የጎረቤቱን መብራት የራሱ አድርጎ ካየ ግን፣ ቁም በተባለበት ቦታ ሂድ የተባለ ይመስለዋል። ይህ እንዳይሆን መብራቶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ሰዎች ባቡሩ ላይ ይወጣሉ። በአሽከርካሪው ወንበር ተራ በተራ ተቀምጠው፣ አንዴ በቀን፣ አንዴ ሲመሻሽ መንገዱን ይሄዱበታል። ከዚያ የእይታ ቅጽ የሚባለውን ይፈርማሉ። ደንቡ ይህ ነው፤ ለሌሎች ሲያስተምሩት የኖሩትም አቶ አምሀ ነበሩ።

ለዚህ ሥራ የተመደበው ባቡር የሚመጣው መስከረም 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ለተሰበሰበው ሰው መስከረም 15 ለጉራጌ ምን ቀን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። በሬው ተገዝቶ፣ ቤቱ ተለቅልቆ፣ ከየአገሩ ልጅ ሁሉ ገብቶ፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ብቻ የጎደለበት መስቀል ምን መስቀል ነው? አቶ አምሀ በዕድሜያቸው ከቻይናው ዓመት በቀር ከአረቅጥ መስቀል ቀርተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ መስከረም 11 ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቅጹን አጥፈው በኪሳቸው ይዘው ያንን መታጠፊያ በሐዲዱ ዳር በእግራቸው ሄዱት። ሁለቱም መብራት ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅጹን ሞሉ። "ከአሽከርካሪ ወንበር፦ ይታያል። በቀን፦ ይታያል። ሲመሽ፦ ይታያል።" ባዶ ቦታ አልተዉም። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው እሳቸውን አምነው ፈረሙ፤ በማግስቱ አቶ አምሀ አውቶቡስ ላይ ነበሩ።

ያ መስቀል ደስ ያለ መስቀል ነበር። ልጆቻቸው እንደዚያ ሲስቁ አይተዋቸው አያውቁም። ዛሬ በዚያ መስቀል የተነሡትን የቤተሰብ ፎቶ ማየት የሚችል ሰው በቤቱ የለም።

ሙንታሲር አሚኑ የቡታጅራ ልጅ ነበር። አባቱ አቶ አሚኑ በልጅነቱ ስለሞቱ፣ እሱንና እህቱን ፈቲሀን በርበሬ እየነገዱ ያሳደጓቸው እናታቸው ወ/ሮ ሰፍያ ሸረፋ ናቸው። ሙንታሲር በዚያው መስመር የጭነት ባቡር አሽከርካሪ ሲሆን፣ ከአንድ አገር በመምጣታቸው አቶ አምሀን "ጋሼ" እያለ ይቀርባቸው ነበር። ከቤቱ በተመለሰ ቁጥር የእናቱን በርበሬ በፌስታል ያመጣላቸዋል፤ አቶ አምሀም እየቀመሱ "ይህ በርበሬ ሰው ያናግራል" ይሉ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ረመዳን ሲገባ ወ/ሮ ሰፍያ ደውለው "መንገደኛ ነኝ ብለህ እንዳትበላ። ጾምህን ያዝ" አሉት። ለመንገደኛ ጾም መፍታት እንደሚፈቀድ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ልጃቸው ለሃይማኖቱ እንዲጠነክር ፈልገው ነው። እሱም እሺ አለ።

ዓርብ ግንቦት 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ሙንታሲር ወደ ማራገፊያው በሚገባው ሐዲድ መጣ። ከመታጠፊያው ወዲያ ባዶ ፉርጎዎች ቆመውበት ስለነበር የእሱ መብራት ቀይ ነበር። የዋናው መስመር መብራት ደግሞ ለሌላ ባቡር አረንጓዴ በርቷል። ሙንታሲር ሳይቆም መታጠፊያውን ገባ፤ ፍሬን የያዘው ፉርጎዎቹ ጋ ሊደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው። እዚያው ሕይወቱ አለፈ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። ለማፍጠሪያ የያዘው ተምር በፌስታል እንደታሰረ ከአጠገቡ ተገኘ፤ መግሪብ አዛን ሊል የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ አምሀን የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ መብራቱ ከአሽከርካሪው ወንበር ይታያል ወይ? "ይታያል፤ ቅጹ አለ" አሉ። መብራቱ የሚያሳስት ነገር እንዳለው በዚያ ሰዓት አያውቁም ነበር። ባልተቀመጡበት ወንበር ግን መሰከሩ። ኮሚቴውም ቅጹን ይዞ፣ አሽከርካሪው ጾመኛ በመሆኑ ተዳክሞ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ፍሬን የያዘውም በመጨረሻ ሲባንን እንደሆነ ጻፈ። ሪፖርቱ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። የልጁን ልብስና ስልክ ሊወስዱ ለመጡት ዘመዶቹም ተነበበላቸው።

አቶ አምሀ ግን አንድ ነገር አላስተኛቸውም። ሙንታሲር የሚያንቀላፋ ልጅ አልነበረም። አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን፣ ለማንም ሳይናገሩ በአንድ የጭነት ባቡር ላይ ወጡና አሽከርካሪውን ወንበሩን አስለቅቀው፣ በዚያው ሰዓት በዚያው መታጠፊያ አለፉ። ከእግረኛው መንገድ የሚታየው ከወንበሩ አይታይም። መታጠፊያው ላይ የኤሌክትሪክ ገመዱ ምሰሶዎች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ እንደ አጥር ይሆናሉ፤ ቀዩ መብራት ከኋላቸው ይሰወራል፤ የዋናው መስመር አረንጓዴ ደግሞ ልክ በቀዩ ቦታ ላይ ይቆማል። ቀዩ ተመልሶ ብቅ የሚለው ለፍሬን ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። አቶ አምሀ ያንን አረንጓዴ እያዩ ባቡሩ ውስጥ አለቀሱ። አሽከርካሪው ጢስ የገባባቸው መስሎት መስኮት ከፈተላቸው።

በማግስቱ "ለጥገና" ብለው የማዘዣ ወረቀት ሞልተው ቀዩን መብራት ከምሰሶዎቹ ፊት አስወጥተው አስተከሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ ሌላ ሰው አልሞተም። የሙንታሲር ምስክርም አብሮ ጠፋ። ከዚያን ቀን በኋላ ማንም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቢያይ ሁለቱም መብራት ይታየዋል፤ ሪፖርቱ ትክክል ነው ብሎ ይወርዳል። አቶ አምሀ ይህን ሲያደርጉ ምን እያደረጉ እንደሆነ አውቀውታል። ለልጃቸው ለማዕዶት በራሳቸው አፍ የነገሯት ነው።

በዚያው በሰኔ ወር ለለቅሶ ቡታጅራ ሄዱ። ያሰቡት ለመናገር ነበር። ወ/ሮ ሰፍያ ግን ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን ይዘው "አምሀ ልጄ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ። ጹም ያልኩት እኔ ነኝ። አላህ ለመንገደኛ የፈቀደውን እኔ ከለከልኩት" አሏቸው። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። አቶ አምሀ የእናትየውን እጅ ይዘው አብረው አለቀሱ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩም ወጡ። ልጃቸው ማዕዶት አባቷን ትወዳቸዋለች፤ ስለ መስከረሙ ቅጽም ብዙ ልታዝንላቸው ትችላለች። ስለዚያ የለቅሶ ቤት ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ተናዳባቸዋለች፤ ይህንንም በሕይወት እያሉ ነግራቸዋለች።

በ2011 ዓ.ም. ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ወልቂጤ ገቡ። ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የሬዲዮና የሶላር መብራት መጠገኛ ከፈቱ። ሰው ሲጠይቃቸው "ባቡር የማይሰማበት አገር ፈልጌ ነው" ይሉ ነበር፤ ሰውም ቀልድ መስሎት ይስቃል። እሳቸው ግን ይሰሙት ነበር። ከባጃጁና ከሚኒባሱ ጡሩምባ መሐል በድንገት እጃቸውን ከሥራቸው ላይ አንሥተው ጆሯቸውን ያቀኑ ነበር፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ እሳቸው የሉም።

ከቤታቸው በረንዳ ወደ ከተማው ሲታይ ሁለት መብራት አለ። አንዱ የስልክ ማማው ቀይ መብራት ነው፤ ሌላው ከሥሩ ያለው የመድኃኒት ቤት አረንጓዴ መስቀል ነው። በሩ ላይ ለቆመ ሰው ሁለቱም ይታያሉ። ጥግ ባለው የእንጨት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን የሰፈሩ መብራት ምሰሶ ቀዩን ይሸፍነዋል፤ የሚቀረው አረንጓዴው ብቻ ነው። ቤቱ ሲሠራ ይህን ያሰበ የለም። አቶ አምሀ በገቡ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ተነሡ። እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። መድኃኒት ቤቱ ሄደው መብራቱን እንዲቀይር ባለቤቱን ለመኑት፤ "ጋሼ፣ መድኃኒት ቤት ቀይ ሰቅሎ ማን ይገባለታል?" አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበሩን ያነሣው ነበር። ሔራን አንድ ቀን ጓዳ ብታስገባው ግን ራሳቸው አውጥተው ከቦታው መለሱት።

"ባለቤት አለው" አሏት።

ቀስ በቀስ ቤተሰቡ ተረዳ። ከቀኑ መጨረሻ፣ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን፣ አቶ አምሀ በዚያ ወንበር ላይ ሰው ያያሉ። ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መብራቱን እያየ አዛን የሚጠብቅ ወጣት ነው። አያስፈራቸውም፤ ያፍሩታል እንጂ። በዚያ ሰዓት እንግዳ ወደ ወንበሩ ሲጠጋ "እዚያ ሰው አለ፣ ወዲህ ይምጡ" ይሉ ነበር። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ትከሻቸው ይላላል፤ "አሁን አፈጠረ" ብለው ወደ ቤት ይገባሉ። ጾም ይሁን አይሁን፣ በየቀኑ እንዲህ ነበር። ልጆቻቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። በመጨረሻም በዚያ ሰዓት በረንዳው ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ለመዱ።

በየረመዳኑ ተምር ገዝተው ቡታጅራ ይሄዱ ነበር። ወ/ሮ ሰፍያ "የልጄ ወዳጅ" ብለው ለጎረቤት ሁሉ ያስተዋውቋቸዋል፤ አብረው ያስፈጥሯቸዋል፤ ሲሸኟቸው ያንኑ በርበሬ ያስይዟቸዋል። አቶ አምሀ ዛሬ እናገራለሁ ብለው ሄደው ሳይናገሩ ይመለሳሉ። በርበሬው በቤቱ ተበላ፤ እሳቸው ግን አልቀመሱትም። ጨጓራዬን ያመኛል ይሉ ነበር። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘዋል። አባትም ካዳመጧቸው በኋላ "ለእግዚአብሔር የነገርከው ደርሷል። ለእናቲቱ ግን እኔ አላደርስልህም፤ እግር አለህ" አሏቸው። እግር እያላቸው አልተናገሩም።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የጉበት ሕመም ታመሙ። በወልቂጤና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤታቸው ይሻላቸዋል አሉ። ይህን የሰሙት ወ/ሮ ሰፍያ እሑድ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ከልጃቸው ከፈቲሀ ጋር በሚኒባስ ሊጠይቋቸው መጡ። "አሰላሙ አለይኩም፣ አምሀ ልጄ፣ ምን ነካህ?" እያሉ ገቡ። አመሻሽ ላይ አቶ አምሀ በአዳነ ተደግፈው ወደ በረንዳው ወጡ።

"እናቴ፣ እዚህ በሩ ላይ ይቁሙልኝ" አሉ። "ከዚህ ስንት መብራት ያያሉ?"

"ሁለት። ቀይና አረንጓዴ።"

"አሁን እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ።"

በዚያ ሰዓት በዚያ ወንበር ላይ ሰው እንዲቀመጥ ሲፈቅዱ ቤተሰቡ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ወ/ሮ ሰፍያ ተቀመጡ።

"አረንጓዴ ብቻ" አሉ። "ቀዩ የት ሄደ?"

"ሙንታሲርም ያየው ይህንኑ ነው" አሉ አቶ አምሀ። ከዚያ ቆመው፣ በአዳነ ላይ ተደግፈው፣ ሁሉንም ተናገሩ። የመስቀሉን ችኮላ፣ ቅጹን፣ ለኮሚቴው የመሰከሩትን፣ መብራቱን ማዛወራቸውን፣ የለቅሶውን ቀን፤ አንዱንም አላስቀሩም።

ወ/ሮ ሰፍያ ብዙ አልጠየቁም። "አልተኛም?" አሉ።

"አልተኛም እናቴ። ነቅቶ ነበር። አረንጓዴ አይቶ ነው የሄደው።"

"ጾሙስ?"

"ጾሙ ምንም አላደረገውም።"

አዛን እስኪል ድረስ ወንበሩ ላይ ቆዩ፤ የሚያዩት መብራቱን ነበር። ከዚያ ተነሡ፣ ፈቲሀን "ነይ እንሂድ" አሏት፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "ሰባት ረመዳን ቤቴ አፈጠርክ እኮ፣ አምሀ" አሉ። 

አቶ አምሀ በዚያ ሳምንት በፊርማቸው ደብዳቤ አስጽፈው፣ ደብቀው ካኖሩት የቅጹ ቅጂ ጋር ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ላኩ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። የካቲት 12 ቀን፣ ረመዳን በገባ በማግስቱ፣ ፈቲሀ ከእናቷ መልእክት ይዛ መጣች። መልእክቱ እንዲህ ነበር፤ "ልጄ ተኝቶ ነው የተባለው በሰው ፊት ነው፤ ነቅቶ ነበር የሚለውም በሰው ፊት ይነበብ። ደግሞ ሰፍያ ይቅር ብላዋለች ብላችሁ እንዳትጽፉ። ይቅርታው ሲመጣ እኔው እናገራለሁ።" አቶ አምሀ ይህን ሲሰሙ ማዕዶትን ጠርተው "ለቀብሬ የሚነበበውን አሁን ጻፊው፣ ልስማው" አሉ።

ጽፋ አነበበችላቸው። ያረሟት አንድ ቦታ ላይ ነው። "ባቡሩ በመዘግየቱ" ብላ ጽፋ ነበር፤ ልጅ ናትና ለአባቷ አድልታ ነው። "እሱን አውጪው" አሏት። "አልዘገየም። ቀጠሮው 15 ነበር፣ በ15 መጥቷል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ስለ ወንበሩ ጠየቀቻቸው፤ አሁንስ ያዩታል ወይ? "እናቱ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ የለም" አሉ። "ሄዷል። ግን ደህና ሁን አላለኝም።"

አቶ አምሀ በርጋ ሲታመሙ ቆይተው፣ እሑድ የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው እንዳለ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አሰፋሽ ተክሌን፣ ልጆቻቸውን ማዕዶትን፣ ሔራንንና አዳነን፣ ወንድማቸውን አቶ ደግፌን ትተው ሄደዋል።

ወ/ሮ ሰፍያ ሸረፋ ዛሬ ጠዋት ከቡታጅራ መጥተዋል። ጾመኛ ናቸው። በዚህ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ከበረንዳው በመጣ የእንጨት ወንበር ላይ ነው፤ ይምጣልኝ ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ስለ አቶ አምሀ ምንም አልተናገሩም፤ ቤተሰቡም አልጠየቃቸውም።

እግዚአብሔር የአቶ አምሀን ነፍስ የሚያሳስት መብራት በሌለበት፣ ሁሉ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት አገር ያሳርፍልን። የዘገየችውን እውነታቸውን ከነመዘግየቷ ይቀበልላቸው። ለሁለቱም ቤተሰብ መጽናናቱን ይስጥልን።

በሰው ፊት ያልተነበበ አንድ የሕይወት ታሪክ ቀርቷል፤ አጭር ነው። ሙንታሲር አሚኑ ከአባቱ ከአቶ አሚኑና ከእናቱ ከወ/ሮ ሰፍያ ሸረፋ በቡታጅራ ከተማ በ1981 ዓ.ም. ተወለደ። በዚያው ተማረ፤ የባቡር አሽከርካሪም ሆነ። እናቱንና እህቱን ይረዳ ነበር። ግንቦት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. በሥራው ላይ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። እናቱ ጹም ያሉትን ጾሙን እንደያዘ ነበር። ነቅቶ ነበር።